ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር

ከአገር የወጣሁ ዕለት ምሽት ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ከኮተቤ ወደ ላይ፣ ተራራው ሥር ያለችውን የጭቃ ቤታችንን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ጥቂት ሰው ከገባባት ሌላው በር ላይ ነው የሚቆመው። የኳየር ጓደኞቼ፣ ጎረቤቶች፣ ወንድሜ ቶላ፣ ሁሉም ሊጸልዩልኝ መጥተዋል። ፓስተራችን የተቀመጡት ሦስት እግር ባላት ዱካ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ከጎናቸው ደግሞ ያ ሰፊው የቆዳ ወንበር ባዶውን ቆሟል።

ማንም አይቀመጥበትም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሰው ተቀምጦበት አይቼ አላውቅም። ለጸሎት አዲስ የሚመጡ ሰዎች ለጌታ የተተወ ቦታ ይመስላቸውና ወደ እሱ ዞረው ይጸልያሉ። አባባም አያርማቸውም፤ ሳቁን በጋቢው ሸፍኖ አብሮ አሜን ይላል።

ወንበሩ የሲስተር ብሪታ ነው። ሲስተር ብሪታ ስዊድናዊት ነርስ ናቸው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ እኛ ሰፈር ክሊኒክ ይሠሩ ነበር። አባባ ዘበኛቸውም አትክልተኛቸውም ነበር። አንድ ቀን በድንገት አገር ልቀቁ ተባሉ። ሻንጣቸውን መኪና ላይ ከጫኑ በኋላ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው እኛ ቤት አስገቡትና ግድግዳው ሥር አቆሙት። ከዚያ አባባን እቅፍ አድርገው በአማርኛ "እመለሳለሁ" አሉት። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

አባባ እንደ አደራ ተቀበለው። የሰው አደራ ላይ ደግሞ አይቀመጡም። በዓል በመጣ ቁጥር ቆዳው እንዳይደርቅ ለጋ ቅቤ ይቀባዋል፤ በዚህ የተነሳ የሰፈሩ አይጥ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚከርመው። ችግሩ ወንበሩ ሲነኩት ይወዛወዛል። እግሮቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አባባ በእኔ እጅ ሳለ ተበላሸ ብሎ ደነገጠ፤ አናጢ ጠርቶ በየመጋጠሚያው ምስማር አስመታው። መወዛወዙ ቀረ፣ ጭንቀቱ ግን ባሰበት። ምስማሮቹን ባየ ቁጥር የሰው ዕቃ የሰረቀ ያህል ፊቱ ይጠቁራል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ነገሩ የወንበር ወሬ ሆኖ ስላልቀረ ነው። መሪ ሰፈር የነበረን እርሻ ድሮ ሄዷል፣ ቤት ተሠርቶበታል። የቀረችን ይህቺው ቤት ነበረች፤ እሷም በልማት ትነሳለች ተባለ። ለአባባ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል አሉ። ቶላ ቀድሞ አያት ገብቶ ነበርና አባቴ ጎረቤቴ ሊሆን ነው ብሎ ጨፈረ። አባባ ግን ወይ ፍንክች አለ።

"ሲስተር ሲመጡ የማንን በር ያንኳኩ?" አለ። "የሚያውቁት ይህን ቤት ነው። አደራቸውን ይዤ ፎቅ ላይ ልደበቅ?"

የወረዳው ሰዎች መጡ፣ ሽማግሌ መጣ፣ ፓስተሩ መጡ። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ ሲስተር ወንበሩን ምን እንደማደርገው ይንገሩኝ፣ ያን ጊዜ እወጣለሁ። ኳየራችን ስዊድን ተጋበዘ ሲባል አባባ ከእኔ በላይ የተደሰተው ለዚህ ነው። ያን ምሽት ጸሎቱ አልቆ ሰው ጫማውን ሲፈልግ እጄን ይዞ ወንበሩ ፊት አቆመኝ።

"ኢንተላ ኮ" አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፣ ሆዱ ሲባባ በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ። "ስትደርሺ ሲስተርን ፈልጊያቸው። ወንበሩ ደኅና ነው በያቸው። ምስማሩን ግን እንዳትደብቂ፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ከዚያ ምን እንደማደርገው ይንገሩኝ።"

መቼ ትመለሻለሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ግብዣው የአሥራ አምስት ቀን መሆኑን ያውቃል። እኛ ግን የአሥራ አምስት ቀን መንገደኞች ለዓመት የሚበቃ ሽሮና በርበሬ ነበር የጫንነው። አንዳችን የሌላችንን ሻንጣ ስንመዝን እንተያይና ዚፑን እንዘጋለን።

ለምን ቀረሽ የምትሉኝ አላችሁ። ሰፈሩ ይነሳል በተባለበት ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ "አባቴ የት ይሂድ?" ብዬ ነበር። ያችን ከጠየቅሁ በኋላ የማላውቀው ሰው ስለ እኔ ጎረቤት እየዞረ ይጠይቅ ጀመር፤ የሥራ ኮንትራቴም ሳይታደስ ቀረ። አንድ ለአምስት የሚሉት የወረዳው ቡድን ግቢ ተባልኩ፣ አልገባም አልኩ። እና ፈራሁ። ጀግና ነበርኩ አልላችሁም፤ ፈርቼ ነው የቀረሁት።

ስዊድን የደረስኩት በመከር ነው። መከር ስል የእኛው አደይ የሚፈነዳበት እንዳይመስላችሁ። እዚህ መከር ማለት ሰማዩ ወርዶ ጣራ ላይ የሚተኛበት ወቅት ነው። ከምሳ በኋላ ይጨልማል። የእንጦጦ ብርድ ብርድ ነው ብዬ ያማረርኩበትን ቀን ረገምኩት፤ የእንጦጦ ብርድ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። ሰዉ ጨዋ ነው፣ አይጮህም፣ አይጋፋም። ደግሞም አያይሽም። ሊፍት ውስጥ ገብቼ "እንደምን ዋላችሁ" ስል ሁሉም ስልኩን ያያል። እንጀራ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቁር ዳቦ አሲድ አሲድ ይላል፤ ዓይኔን ጨፍኜ በሽሮ በላሁት፣ ዓይኔን ስገልጥ ዳቦ ነው።

የስደት ጥያቄዬን የምትመረምረው ሴት ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ደግ ፊት ያላት ናት። አስተርጓሚው የጎፋ ልጅ ነው።

"ለምን ወደ አገርሽ አትመለሺም?" አለችኝ።

"ቤታችን ሊፈርስ ነው።"

"እኛም አገር ቤት ይፈርሳል።"

"ስብሰባ ላይ ተቃውሜ ተናግሬያለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"አባቴ የት ይሂድ ብዬ።"

"የት ይሂድ አሉሽ?"

"አያት ኮንዶሚኒየም።"

ጻፈችው። "እንግዲያው ቤት ሰጥተውታል ማለት ነው።"

"እሱ አይሄድም እኮ!"

"ለምን?"

"ወንበር አለ። የስዊድን ሴትዮ ወንበር። እሷ እስክትመጣ..."

አስተርጓሚው መተርጎሙን አቁሞ ዞር አለና፣ "እህቴ፣ እባክሽ ወንበሩን እንዝለለው?" አለኝ። ዘለልነው። ስለ ሥራዬና ስለሚከታተለኝ ሰው ነገርኳት። ደብዳቤ ይደርስሻል ብላ እጄን ጨበጠችኝ፣ መጠበቅ ጀመርኩ።

የምጠብቀው ምድር ቤት ውስጥ በተከራየሁት ክፍል ነው። እዚህ አንድራ ሃንድ ይሉታል፤ ተከራይ ራሱ መልሶ ሲያከራይ ማለት ነው። መስኮቴ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሰው ጫማ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ጎረቤቶቼን በቡት ጫማቸው ለየኋቸው። አከራዬ ጡረተኛ ናት፣ አንድ ቀን በሬን አንኳኳች።

"ትናንት እዚህ ምን ሞተ?"

"ምንም አልሞተም፣ ሽንኩርት አቁላልቼ ነው።"

"መስኮት ከፍተሽ አብስይ።"

"መስኮቱ አይከፈትም።"

"እሱማ አይከፈትም" አለችኝና ተስማምተን እንደጨረስን ሁሉ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በፕላስቲክ የታሸገ ምግብ እያሞቅሁ እበላለሁ። ውጭ ልውጣ ስል ብርዱ፣ ቤት ልሁን ስል ግድግዳው። ሌላ ከተማ ልሂድ ስል ደብዳቤው በዚህ አድራሻ ነው የሚመጣው። አባባ ሲስተርን እየጠበቀ ቤት ውስጥ እንደታሰረ ሁሉ እኔም ደብዳቤ እየጠበቅሁ ታሰርኩ። በዚህ መሀል ቶላ ይደውላል።

"ለሊሴ፣ ሁሉም ጎረቤት ወጣ" ይለኛል። "ውሃው ተቆርጧል። ዶዘሩ የእነ ጌጤን አጥር በልቶታል። እሱ ግን ያን ወንበር ቅቤ እየቀባ ቁጭ ብሏል። ሴትዮዋን አላገኘሽም?"

"እየፈለግሁ ነው።"

"ቶሎ በያ! እላዩ ላይ ሊያፈርሱት ነው እኮ!"

ፍለጋዬ ግን ከየት ይጀምር? ብሪታ የሚባሉት ሴቶች ብዛት እዚህ እንደ እኛዎቹ አልማዞች ነው። የአባታቸውን ስም አባባ አያውቀውም፤ ለእሱ ሲስተር ናቸው፣ በቃ።

አንድ ቀን መሀል ከተማ በረዶ ሸሽቼ በአንድ ሱቅ መስኮት አጠገብ ሳልፍ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ወንበራችን! መብራት በርቶለት፣ ብቻውን፣ ባዶውን ቆሟል። ነጣ ያለው እንጨት፣ በቀበቶ የተወጠረው ቡናማ ቆዳ፣ ክንድ ማሳረፊያ የሆኑት ሁለት የቆዳ ጠፈሮች ሁሉም እሱው ናቸው። ገባሁና በጣቴ ነካሁት። ተወዛወዘ። በደመ ነፍስ እጄን ሰበሰብኩ፤ የአባባ ልጅ አይደለሁ?

"ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት" አልኩት ሻጩን።

ሳቀ። "አልተበላሸም። ተቀመጪበት።"

"ባለቤቱ ሳይኖር?"

"ባለቤቱ እኮ እኔ ነኝ።"

ተቀመጥኩ። ቆዳው ተንቋቋ፣ እግሮቹ ትንሽ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ፣ ከዚያ ከአራቱም በኩል ወደ እኔ የተሰበሰበ ያህል ቀጥ ብሎ ቆመ። ብወዛወዝም ንቅንቅ አላለም። ሻጩ ሙጫም ምስማርም እንደሌለው ነገረኝ። ለመንገደኛ የተሠራ ወንበር ነው፣ ይፈታታል፣ ተጠቅልሎ በብብት ይያዛል። ባዶውን ሲሆን ይላላል፤ ጥንካሬውን የሚያገኘው ሰው ሲቀመጥበት ነው።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሻጩ ውሃ አመጣልኝ። ምን ብዬ ልንገረው? አባቴ ይህን ዕድሜ ሁሉ ባልሠራው ጥፋት ሲሸማቀቅ ኖሯል። ችግሩ ሰው ስላልተቀመጠበት ብቻ ነበር። እኛ ደግሞ የሰው ነው ብለን አክብረነው፣ ሂድ ተብሎ የተሠራውን ወንበር በምስማር ቸንክረን አስቀረነው።

ያን ሳምንት እኛ ሐበሾች ከሰዓት በኋላ ለጸሎት የምንከራየው የስዊድኖች ቸርች ቀድሜ ደረስኩ፤ ጠዋት የሚያመልኩት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ገና ፊካቸው ላይ ነበሩ። ፊካ ቡናና ኬክ ነው፤ ቡናው ብዙ፣ ጨዋታው ጥቂት። ከመካከላቸው ኢትዮጵያ የነበረ ሰው እንዳለ ጠየቅሁ። አንዱ ሽማግሌ "ተራራ ሥር ክሊኒክ? ብሪታ ናታ!" አሉ። እንዲህ ቀላል ነበር። በባቡር ሁለት ሰዓት ርቀው በአረጋውያን ቤት ይኖራሉ።

ልሄድ ስዘጋጅ ደብዳቤው መጣ። መኖሪያ ፈቃድ ተሰጥቶኛል። የኳየር ጓደኞቼ እልል አሉ። በፓስፖርት ፈንታ የተሰጠኝን የጉዞ ሰነድ ገልጬ አየሁት፤ ለሁሉም አገር ያገለግላል፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ዓለምን በሙሉ ሰጥተውኝ አንዲት በር ዘጉብኝ፣ የምፈልገው ደግሞ እሷኑ ነው። ለአባባ አልነገርኩትም። ሲስተርን ሳገኝ አብሬ እነግረዋለሁ አልኩ።

ሲስተር ብሪታ ትንሽ ሆነዋል። በመስኮት አጠገብ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ አድርገው ተቀምጠው "ጤና ይስጥልኝ" አሉኝ፤ አማርኛቸው ከዚያ ብዙም አይርቅም። በተማርኳት ስዊድንኛ አወራኋቸው። በስዊድንኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ የእናቴ እናት የሚሆኑትን ሴት አንቺ ስል ምላሴ ተሳሰረ፤ ለእናንተ ስነግር ግን በአንቱ ነው። የአባባን ስም ስጠራ ፊታቸው በራ።

"ገመቹ! ጎመኑን አጥር አጥሮ ከውሻዬ የሚከላከለው!"

ውሻውን አስታወሱ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች፣ ክረምት ሲመጣ ክሊኒኩ የሚያፈሰውን፣ የባሕር ዛፉን ሽታ አስታወሱ። አባባ በበሽታ ወድቆ ሳለ ሦስት ቀን አጠገቡ እንደቆዩ እሱ ያልነገረኝን ነገሩኝ።

"ወንበሩስ?" አልኳቸው።

"የትኛው ወንበር?"

"የቆዳው። እኛ ቤት ያስቀመጡት።"

ጣሪያውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። "ብዙ ወንበር ነበረን" አሉ።

የእኛን ቤት የያዘው፣ አባቴን ዶዘር ፊት ያስቀመጠው ወንበር ከአእምሯቸው ጠፍቷል። "እመለሳለሁ ብለውት ነበር እኮ! እስከ ዛሬ እየጠበቀዎት ነው። ቤት ልቀቅ ሲባል ሲስተር ይመጣሉ ብሎ እምቢ አለ። ወንበሩ ላይ አንድ ቀን ሳይቀመጥ!"

ቀስ ብለው፣ "ለሁሉም እንደዚያ ነበር ያልኩት" አሉ። "ምን ልበል ልጄ? እሱ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። የመኪናው ሞተር ተነስቷል። አልመለስም ብዬ እንዴት ልሂድ?"

እጄን ያዙ፤ እጃቸው ቀዝቃዛ ነው። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ በይው አሉኝ። ምስማሩን ስነግራቸው ግን እያለቀሱ ሳቁ። "ይንቀለውና ይቀመጥበት። የእሱ ነው። እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪው።"

ቤቴ ስገባ መሽቶ ስለነበር በነጋታው ደወልኩ። ቶላ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ለአባባ ሰጠው። ከጀርባ የዶዘር ጉርምርምታ ይሰማል።

"አገኘሻቸው?" አለ አባባ። ሰላምታም የለ።

"አገኘኋቸው። ደኅና ናቸው። ጎመንህን አስታወሱ።"

"ምስማሩን ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው። ሳቁ። አባባ፣ ወንበሩ አልተበላሸም ነበር። ባዶውን ሲሆን ነው የሚወዛወዘው። ምስማሩን ንቀልና ተቀመጥበት፣ ያንተ ነው ብለዋል። ይቅርታ እሳቸው ይጠይቁሃል።"

ለቶላ "ጉጠት አምጣ" ሲለው ሰማሁ። ምስማሮቹ አንድ በአንድ እየጮሁ ሲወጡ ሰማሁ፤ ያን ያህል ጊዜ ገብተው ዝገዋል። ከዚያ ቆዳው ተንቋቋ።

"ያዘኝ!" አለ አባባ። "ኢንተላ ኮ፣ ያዘኝ እኮ!" እንደ ሕፃን ሳቀ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም።

"በቃ!" አለ ቶላ ከጀርባ። "አደራው አለቀ። መኪና ልጥራ፣ አያት እንግባ። ባቡሩ በር ላይ ነው የሚያወርድህ!"

"ቆይ" አለው አባባ። ሳቁ ቀነሰ። "አንቺስ?"

"እኔ ምን?"

"አያት እኮ ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እኔ ራሴ የቶላን በር ሁለቴ ስቻለሁ። አንቺ ስትመጪ የማንን ታንኳኪያለሽ? የምታውቂው ይህን ቤት ነው። እውነቱን ንገሪኝ። የማትመለሺ ከሆነ አሁኑኑ ከቶላ ጋር እሄዳለሁ፣ ቅር አይለኝም። የምትመለሺ ከሆነ ግን ያፍርሱት እንጂ ከዚህ አልነሳም።"

ልነግረው ነበር። ሰነዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተገልጦ ነበር፣ በመስኮቴ የሰው ጫማ ያልፋል። አልመለስም አባባ፣ ሂድ፣ አትጠብቀኝ። ይህችን ማለት ብቻ ነው። ሲስተር ብሪታን የተቆጣኋቸው ይህችን ባለማለታቸው አልነበረም?

"ኢንተላ ኮ?" አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። አባባ ማልቀስ ጀመረ።

"እመለሳለሁ" አልኩት።

ቶላ "ለሊሴ!" ብሎ ጮኸ። ከጀርባው ዶዘሩ ያጉረመርማል። አባባ ተደላድሎ ሲቀመጥ ቆዳው ሲንቋቋ ሰማሁ።